«ደሟ አንሶ እያለ ደም ማቅጠኛ ለምን ትወስዳለች?»

ጥያቄ፦ «እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት አለባት። ከሁለት ዓመት በፊት የልብ ምቷ የተዛባ ነው ተብሎ ዋርፋሪን 5 ሚሊ ግራም ተጀመረላት። ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን 20 ትወስዳለች። ከዚያ በፊት ጀምሮ ደግሞ ‹ለልብ ጥሩ ነው› እየተባለ አስፕሪን 100 በየቀኑ ትውጣለች። የልብ ድካምም (ሃርት አታክ) ሆነ ስትሮክ ይዟት አያውቅም። ባለፈው ወር ሄሞግሎቢኗ 9.2 ሆኖ ተገኘና ደም ማነስ ነው ተብሎ የአይረን ኪኒን ታዘዘላት። አሁን ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ይደማል፣ ሰገራዋም ጠቁሯል። ዘመድ ሁሉ ‹ደሟ አንሶ እያለ እንዴት ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች?› ሲላት ደንግጣ ከአራት ቀን በፊት ዋርፋሪኑን አቆመች። ኮሌስትሮሏ ተስተካክሏል ስለተባለ ያንንም ተወችው። አስፕሪኑንና አይረኑን ግን ቀጥላለች። ልክ ነን? ሁሉንም የሚተካ አንድ መድኃኒትስ የለም?»

ልክ አይደላችሁም። ያቆማችሁት በራሳችሁ መቆም ያልነበረበትን ነው። የቀጠላችሁት ደግሞ ምናልባት ከዓመታት በፊት መቆም የነበረበትን ነው። ስለዚህ ከማብራሪያው በፊት የሚቀድመውን ልናገር። እናትዎን ዛሬ፣ ካልሆነም ነገ ጠዋት ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው። ሁለት የደም ምርመራ ይሠራላቸው፤ አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ) እና ሲቢሲ (የደም ሕዋሳትን ብዛትና መጠን የሚያሳይ)። ዋርፋሪኑን ቤት ውስጥ ተመካክራችሁ መልሳችሁ አትጀምሩት፤ የሰገራው ጥቁረት ከአይረኑ ይሁን ከደም ገና አልታወቀም። እንደቆመ እንዲቀርም አትተዉት። ሰገራው እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ፣ ልባቸው ያለወትሮው በፍጥነት የሚመታ ወይም ደም የሚያስታውካቸው ከሆነ ነገን አትጠብቁ። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ጥፋቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «ደም ማቅጠኛ» የሚለውን ስም ሐኪሙም፣ ፋርማሲስቱም፣ ታካሚውም ይጠቀምበታል። እኔም ስንት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ግን ዋርፋሪን ደምን አያቀጥንም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደም ከማይወስደው ሰው ደም አይቀጥንም፣ ውኃም አይሆንም። የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ ይረዝማል። ደም ማነስ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀይ የደም ሕዋሳት ወይም በውስጣቸው ያለው ሄሞግሎቢን ሲቀንስ ነው ደም አነሰ የሚባለው። ኮሌስትሮል ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። በደም ውስጥ የሚጓዝ ስብ ነክ ነገር ሲሆን ጉዳቱ ደሙ ላይ አይደለም፣ የደም ቧንቧው ግድግዳ ላይ ነው። ዘመዶቻችሁ ሦስቱን ባንድ ቃል ስላሰሩት «ያነሰውን እንዴት ያቀጥኑታል?» የሚለው ነገር ትክክል መሰላቸው። ለሰሚው ያሳምናል። ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እግረ መንገዴን ልንገርዎ፤ ደም በእውነት የሚወፍርበት በሽታ አለ። ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ይባላል። መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳትን ከልክ በላይ ያመርታል። እዚያ ሕክምናው ደም በመርፌ መቅዳት ነው፤ ሄማቶክሪት የሚባለው ልኬት ከ45 በመቶ በታች እንዲሆን በየጊዜው ደም ይቀዳል። አንዳንዶቹ ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባል የመቅኔውን ምርት የሚቀንስ መድኃኒት ይጨመርላቸዋል። «ማቅጠን» የሚለው ቃል የሚገባው ለዚህ ሕክምና ነበር። የእናትዎ ጉዳይ ግን ይህ አይደለም።

ዋርፋሪኑ ለምን ታዘዘ? የልብ ምታቸው መዛባት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው ሳይሆን አይቀርም፤ ዋርፋሪን በብዛት የሚታዘዘው ለዚያ ነው። በዚህ ሕመም የልብ ላይኛ ክፍሎች እንደ ወትሮው አይኮማተሩም፣ ዝም ብለው ይንቀጠቀጣሉ። በግራው ክፍል ጎን ጆሮ የምትመስል ትንሽ ከረጢት አለች። ልቡ በደንብ ሳይጨመቅ ሲቀር ደሙ እዚያች ከረጢት ውስጥ ይተኛል። የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ቁራጭ አንድ ቀን ተላቆ ከወጣ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ አንጎል ነው። ይህ ነው ስትሮክ። ይህ የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌለበት ሰው አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ መሆኑና ግፊቱ ደግሞ ያባብሰዋል። ዋርፋሪን በአግባቡ ከተወሰደ ከሦስት ስትሮክ ሁለቱን ያህል ይከላከላል። አስፕሪን ግን ከአምስት አንዱን ያህል ቢከላከል ነው።

እንግዲህ አሁን ያላችሁበትን ይመልከቱ። ጠንካራው ጋሻ ወርዷል። ደካማው፣ ያውም ጨጓራ የሚልጠው፣ ቀርቷል። ዋርፋሪን ከሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ግን ከለላው በአብዛኛው ጠፍቷል። እናትዎ ምንም ላይሰማቸው ይችላል። ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ ዋርፋሪን ሲሠራም ሆነ ሲቀር አይሰማም።

«የአይጥ መርዝ ነው አሉ» የሚልም ሰው አይጠፋም፣ እሱንም ልመልስ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሻገተ የግጦሽ ተክል የበሉ ከብቶች በትንሽ ቁስል ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር። በ1933 መጀመሪያ አንድ ገበሬ የሞተች ጊደሩንና በወተት ማመላለሻ ጣሳ የተሞላ ያልረጋ ደም ይዞ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስቱ ካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በተሠራው ረጅም ሥራ የደም መርጋትን የሚከለክለው ንጥረ ነገር ተለየ። ከሱ የተወለደው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያነት ዋለ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። መርዝና መድኃኒት የሚለየው በመጠን ነው የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይታያል። መጠኑን የምናውቀው ደግሞ በአይኤንአር ነው።

አይኤንአር ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ ከጤነኛ ሰው ጋር የሚያወዳድር ቁጥር ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ይሆናል። ለእናትዎ ዓይነት ሕመም የምንፈልገው ከ2 እስከ 3 ነው። ከ2 በታች ሲሆን ኪኒኑ እየተዋጠ በቂ ከለላ የለም። ከ4 ሲያልፍ የመድማቱ አደጋ በግልጽ ይጨምራል። በጥያቄዎ ውስጥ ሄሞግሎቢን አለ፣ ኮሌስትሮል አለ። አይኤንአር ግን አንድም ቦታ የለም። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ዋርፋሪን ያለ አይኤንአር መውሰድ ዓይንን ጨፍኖ መንዳት ነው። ሁሉም ነገር በተረጋጋበት ጊዜ እንኳ በየአራት ሳምንቱ፣ ቢበዛ በየ12 ሳምንቱ መታየት አለበት። አዲስ መድኃኒት ሲጀመር ወይም ሲቆም ደግሞ በቀናት ውስጥ።

ድድ መድማቱ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ድዳቸው ተቆጥቶ ወይም ጥርሳቸው ላይ ቆሻሻ ተጋግሮ ከሆነ፣ አይኤንአሩ 2.5 ቢሆንም ቡሩሹ ላይ ትንሽ ደም ይታያል። ይህ መድኃኒት የሚያስቆም ነገር አይደለም። የጥርስ ሐኪምና ለስላሳ ቡሩሽ ይበቃዋል። ሳይነኩት በራሱ የሚደማ ከሆነ፣ ሰውነታቸው ላይ ሳይመቱ የበለዘ ቦታ ካለ፣ ነስር ቶሎ ቶሎ ከመጣ ግን አይኤንአሩ ሳይወጣ አልቀረም።

ከወጣ ደግሞ ምክንያት አለው። ባለፉት ሳምንታት የወሰዱት አዲስ መድኃኒት አለ? ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትራይሞክሳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ፍሉኮናዞል፣ ለልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮን፣ እነዚህ ሁሉ አይኤንአርን ያሻቅባሉ። ለአሜባ ተብሎ ለአንድ ሳምንት የተዋጠ ሜትሮኒዳዞል ብቻ 2.5 የነበረውን ወደ 6 ሲወስደው አይቻለሁ። ሪፋምፒሲን፣ ካርባማዜፒን እና ፌኒቶይን በተቃራኒው ያወርዱታል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ቁጥሩን ብዙ ባይነኩትም ጨጓራን እያቆሰሉ ፕሌትሌቶችን (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ሕዋሳትን) ያደክማሉ። ለጉልበት ሕመም «አንድ ብቻ» ተብለው የሚዋጡት እነሱ ናቸው። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ይሻላል። እሱም በቀን ከ2 ግራም በላይ ለተከታታይ ቀናት ከተወሰደ አይኤንአርን ከፍ ስለሚያደርግ ለሐኪሙ ይነገር።

ስለ ምግብ ሁሌም የምሰማው «ቅጠል ተከልክላለች» የሚል ነው። መከልከል የለባቸውም። ዋርፋሪን የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማደናቀፍ ነው፣ ቫይታሚን ኬ ደግሞ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ በብዛት አለ። የሚያስቸግረው መብላቱ ሳይሆን መለዋወጡ ነው። አንድ ወር ሙሉ ቅጠል በቅጠል ሆኖ በሚቀጥለው ወር ጭራሽ ከተተወ ቁጥሩ ይዋዥቃል። እንደ ወትሮው ይብሉ። መጠኑ የሚስተካከለው ለአመጋገባቸው ነው እንጂ አመጋገባቸው ለኪኒኑ አይስተካከልም።

አሁን አስፕሪን። ይህ ነው በጣም የሚያንገበግበኝ። አስፕሪን የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው። ዋርፋሪን የሚነካው ጉበት የሚሠራቸውን የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ነው። አስፕሪን ደግሞ ፕሌትሌት የሚባሉትን ጥቃቅን የደም ሕዋሳት እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። አንዴ የነካው ፕሌትሌት ዕድሜ ልኩን፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደደከመ ይቀራል። ልባቸው ላይ ስቴንት (የጠበበ የደም ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የተገጠመላቸው፣ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ የያዛቸው ሰዎች ከሱ ብዙ ይጠቀማሉ። ሕመሙ ሳይኖር ለመከላከያ የሚወስዱት አረጋውያን ግን አይጠቀሙም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ አስፕሪ የሚባል ትልቅ ጥናት ነበር፤ በአውስትራሊያና በአሜሪካ 19 ሺህ ገደማ ሰዎች ላይ የተሠራ፣ አብዛኞቹም 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው። በቀን 100 ሚሊ ግራም አስፕሪን በልብ ሕመምና በስትሮክ ከመያዝ በግልጽ አላዳናቸውም። ከባድ መድማትን ግን ጨመረ። የእናትዎ ዕድሜም መጠኑም ልክ ይኸው ነው። እሳቸው ደግሞ በላዩ ዋርፋሪን አለባቸው። ሁለቱ ሲደራረቡ የመድማት አደጋው በደንብ ይጨምራል።

እንግዲህ ደም የሚያስፈስሳቸው ነገር ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዋርፋሪን ብቻ አይደለም። የአስፕሪንና የዋርፋሪን አብሮ መዋል ነው። «ለልብ ጥሩ ነው» የተባለው አስፕሪን ማን አዘዘው? መቼ? ለምን? ብዙ ጊዜ መልሱ አይገኝም። ከጎረቤት ወይም ከድሮ ማዘዣ ወረቀት መጥቶ ቤተሰብ ሆኖ ይቀራል። ሐኪሙን «ይህ አስፕሪን ይቁም ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ስቴንት ከሌላቸውና እንዳሉት የልብ ድካም ይዟቸው ካላወቀ መልሱ «ይቁም» እንደሚሆን እጠብቃለሁ። ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ግን ይጠንቀቁ፤ በቅርቡ ስቴንት የተገጠመለት ሰው ይህንን አንብቦ አስፕሪኑን ቢጥል ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ለእናትዎ የተሰጠው ምክር ለእናትዎ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደም ማነሱ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የጥያቄዎ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው ብዬ አስባለሁ።

ደም ማነስ ምልክት ነው እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት ያለፋቸው ሴት በአይረን እጥረት ደማቸው ካነሰ «የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። ሒሳቡን እንሥራው። ሰውነት ከምግብ በቀን የሚያስገባው አይረን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ነው። በጤነኛ ሰው አንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል አይረን አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስለዚህ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ደም ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ቢንጠባጠብ ከ2 ሚሊ ግራም በላይ አይረን ይወጣል። ከሚገባው የሚወጣው በለጠ ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ደም ደግሞ የሰገራን ቀለም አይቀይርም። ማንም ሳያየው ለወራት ይፈሳል። ሰገራ በደም ምክንያት ለመጥቆር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ባንዴ ያስፈልጋል።

ጥቁር ሰገራውን በተመለከተ፣ ለመናገር ቢከብድም መታየት ያለበት ነገር ስለሆነ ልግለጸው። አይረን የሚወስድ ሰው ሰገራ ይጠቁራል፣ ይህ የታወቀ ነው። ጥቁረቱ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ያደላል፣ ቅርጹ እንደ ወትሮው ነው፣ ሽታውም አይለወጥም፣ ሲታጠቡ ቶሎ ይለቃል። የደም ጥቁረት ሌላ ነው። እንደ ሬንጅ ያብለጨልጫል፣ ይለጠፋል፣ ልል ነው። በወረቀት ሲጠርጉት ጠርዙ ላይ ወደ ቀይ የሚያደላ ቀለም ሊታይ ይችላል። ሽታው አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። እናትዎ ያፍሩ ይሆናል። እባክዎ ተደፋፍረው ይጠይቋቸው። እንዲህ አድርገው፦ «ጥቁረቱ የጀመረው አይረኑን ከጀመርሽ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» መልሱ «በፊት» ከሆነ ያጠቆረው አይረኑ አይደለም። «በኋላ» ከሆነም ምልክቶቹን ተመልክቶ መለየት የሐኪሙ ሥራ ነው፣ ጣቱን አስገብቶ ማየትን ጨምሮ።

ሲቢሲው ሲወጣ አንድ መስመር ብቻ አትመልከቱ። ቀይ የደም ሕዋሳቱ ብቻ አንሰውና መጠናቸውም ትንንሽ ሆኖ ከተገኘ የአይረን እጥረት ይመስላል። ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ያረጋግጠዋል፤ ከ30 በታች ከሆነ የአይረን ጎተራው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሕዋሳቱ ትልልቅ ከሆኑ ቫይታሚን ቢ12 ወይም ፎሌት ይታያል፤ አይረን እዚያ አይሠራም። ኩላሊታቸው ደክሞ ከሆነም ደም ያንሳል። ፕሌትሌት በመደበኛው ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ነው። እሱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ የድዱ መድማት ሌላ ምክንያት አገኘ፣ ዋርፋሪኑም እንደገና ይታሰብበታል። ቀዩም፣ ነጩም፣ ፕሌትሌቱም አብረው ካነሱ ደግሞ ጉዳዩ የመቅኔ ሊሆን ስለሚችል ወደ ደም ሕመም ስፔሻሊስት መሄድ አለባቸው። ይህ ሁሉ ባንድ ወረቀት ላይ የሚታይ ነው። አይረን አዝዞ መሸኘት ግን ይህንን ሁሉ ይዘለዋል።

የአይረን እጥረት ከተረጋገጠ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በላይ በኩል በኢንዶስኮፒ፣ በታች በኩል በኮሎኖስኮፒ መታየት አለባቸው። «ዋርፋሪን ስለምትወስድ ነው የደማችው» ብሎ መዝጋት ትልቅ ስሕተት ነው። ዋርፋሪን ጤነኛ አንጀትን አይቀድም። ቀድሞ የነበረ ቁስል፣ ፖሊፕ (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ) ወይም ዕጢ ካለ ግን ቶሎ እንዲደማ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት የትልቁ አንጀት ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ የተገኘላቸው ሰዎች አሉ። እንዲያው በዋርፋሪን ተሳቦ የታለፈባቸውም አሉ። እናትዎ ከሁለተኞቹ እንዲሆኑ አልፈልግም።

አይረኑን ይቀጥሉ። ግን በቀን ሦስቴ ከሆነ የታዘዘው፣ ወደ አንድ ወይም ቀን እየዘለሉ ወደ መውሰድ ይለወጥ እንደሆነ ይጠይቁ። አንድ ኪኒን ሲዋጥ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያወጣል፤ እሱም ለአንድ ቀን ያህል የአንጀቱን በር ያጠብበዋል። ስለዚህ በላይ በላዩ መጨመር ከጥቅሙ ሆድ ማድረቁና ማቃጠሉ ይበልጣል። ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት ለየት አድርገው ይውሰዱት። በሦስት፣ በአራት ሳምንት ሄሞግሎቢኑ ቢያንስ በ1 ወይም በ2 መጨመር አለበት። ካልጨመረ ወይ አይወስዱትም፣ ወይ አይገባም፣ ወይ ደሙ አሁንም እየፈሰሰ ነው። ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም ለሦስት ወር ያህል ይቀጥላል፣ ጎተራው እስኪሞላ።

ኮሌስትሮሉን በአጭሩ። «ተስተካክሏል» የተባለው በመድኃኒቱ ምክንያት ነው። አቶርቫስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኤንዛይም ያግዳል። ጉበቱ እጥረት ሲሰማው ከደም ውስጥ ኤልዲኤል የሚባለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ይሰበስባል። ኪኒኑ ሲቆም ፋብሪካው ተመልሶ ይከፈታል፣ በጥቂት ሳምንታትም ቁጥሩ ወደነበረበት ይመለሳል። እንደ ወባ ታክሞ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ስታቲን (የአቶርቫስታቲን ዓይነት መድኃኒቶች የጋራ ስም ነው) ደም አያስፈስስም፣ ደም ማነስንም አያመጣም። ለማቆም ምክንያት አልነበረም።

ጡንቻ ያመኛል ካሉ ችላ አይበሉት፣ ግን አይደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ አንድ ጥናት፣ ከዚያ በፊት በስታቲን ምክንያት ታመምን ብለው ያቆሙ ሰዎች ሳያውቁት በአንዱ ወር ስታቲን፣ በሌላው ወር መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ተሰጣቸው። በስታቲኑ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ የሚሆነው በባዶውም ኪኒን ተሰምቷቸው ነበር። ሕመሙ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፣ ይሰማል። ምንጩ ግን ብዙ ጊዜ ኪኒኑ አይደለም። የጡንቻ ሕመሙ ብርቱ ሆኖ ሽንታቸው እንደ ኮላ ከጠቆረ ግን ይቁምና በዕለቱ ይታዩ። ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ከታዘዘላቸውም አቶርቫስታቲን እንደሚወስዱ ይናገሩ። መጠኑ ካልበቃ ወይም ካልተስማማቸው ኢዜቲማይብ የሚባል አለ፤ ከአንጀት የሚገባውን ያግዳል፣ ኤልዲኤልን በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

«ሁሉንም የሚተካ አንድ መድኃኒት የለም ወይ?» ላሉት፣ የለም። ሦስት የተለያዩ በሮች ናቸው። ዋርፋሪኑን ብቻ የሚተካ ግን አለ። አፒክሳባን፣ ሪቫሮክሳባን፣ ዳቢጋትራን፣ ኢዶክሳባን ይባላሉ። አይኤንአር አያስፈልጋቸውም፣ ከቅጠላ ቅጠል ጋርም ጠብ የላቸውም። አንጎል ውስጥ መድማትን ከዋርፋሪን ጋር ሲነጻጸሩ በግማሽ ያህል ይቀንሳሉ። ለብዙ የልብ ምት መዛባት ላለባቸው ሰዎች ዛሬ የመጀመሪያ ምርጫ ናቸው።

ገደብ ግን አላቸው። የመጀመሪያው የልብ ቫልቭ ነው። የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ወይም ማይትራል የሚባለው ቫልቭ በሩማቲክ ሕመም በደንብ የጠበበበት ሰው ዋርፋሪን ነው የሚያዋጣው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ሩማቲክ የልብ ሕመምና የልብ ምት መዛባት ያለባቸውን ከ4 ሺህ በላይ ሰዎች ተከታትሎ፣ ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ ዋርፋሪን የወሰዱት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድ ሳይታይ መቀየር የለም። ሁለተኛው ኩላሊት ነው፤ ክሬቲኒን ይለካል፣ መጠኑ በሱ ይወሰናል። ሦስተኛው ጨጓራና አንጀት ነው። ሪቫሮክሳባንና ከፍተኛው መጠን ዳቢጋትራን ከዋርፋሪን ይልቅ አንጀትን ሊያደሙ ይችላሉ፤ አፒክሳባን በዚህ ይሻላል። አራተኛው ደግሞ የእናትዎ ልማድ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በአንድ ቀን ውስጥ ይጠፋሉ። ዋርፋሪን አንድ ቀን ቢረሳ ቀስ ብሎ ይቅር ይላል፣ አፒክሳባን ሁለቴ ከተረሳ ከለላ የለም። ደንግጦ ኪኒን የሚያቆም ሰው በነሱ ይበልጥ ይጎዳል።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። ዛሬ አይኤንአርና ሲቢሲ። አብሮ ፌሪቲንና ክሬቲኒን። ከባድ መድማት አለመኖሩ ከተረጋገጠ ዋርፋሪኑ በሐኪሙ ትእዛዝ በዚሁ ሳምንት ይመለሳል፤ አይኤንአሩም በየሳምንቱ ይታያል። አስፕሪኑ በሐኪሙ ስምምነት ይቆማል። አቶርቫስታቲኑ ዛሬ ማታ ይመለሳል። አይረኑ ይቀጥላል፣ ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒውም ቀጠሮ ይያዝለታል። ከዚያ በፊት ዋርፋሪን መቆም ካለበት ስንት ቀን እንደሆነ ሐኪሙ ይንገራችሁ፤ በራሳችሁ አትቁጠሩ። ወደ አፒክሳባን ስለመቀየር የምትነጋገሩት ቫልቩና ኩላሊቱ ከታዩ፣ የደሙም ምንጭ ከታወቀ በኋላ ነው። ከተቀየሩ ዋርፋሪኑ ቆሞ አይኤንአሩ ከ2 በታች ሲወርድ ነው አዲሱ የሚጀመረው። ሁለቱ አንድ ቀን እንኳ አብረው አይዋጡም።

ሲሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ጠቅልለው ይውሰዱ፤ ያለቀውንም፣ ለጉልበት የተገዛውንም፣ ባህላዊ ነገር ካለም እሱን። አንድ ጊዜ ከአንድ እናት ፌስታል ውስጥ ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ማሸጊያዎች አውጥቻለሁ። ሁለቱም ዋርፋሪን ነበሩ። ቀለማቸው ስለተለያየ ሁለት መድኃኒት መስሏቸው ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን ይወስዱ ነበር። የኪኒኑን ቀለም አትመኑ፣ ከአምራች አምራች ይለያያል። ማሸጊያው ላይ ያለውን ስምና የሚሊ ግራሙን ቁጥር ለእናትዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።